ለችግረኛ ቤተሰብ ገንዘብ በእጅ መስጠት ይሻላል ወይስ ጤፍ መግዛት?

ከባሕር ዳር የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ተወልጄ ያደግሁት ሽምብጥ ነው። ከአብሮ አደጎቼ ጋር 600,000 ብር አዋጥተን፣ በሰፈራችንና በጣና ዳር የሚኖሩ 20 ችግረኛ ቤተሰቦችን ለአንድ ዓመት ለመደገፍ አስበናል። ግማሾቻችን በየወሩ 2,500 ብር በእጃቸው እንስጥ እንላለን። ሌሎቹ ግን ገንዘብ ከሰጠን ወንዶቹ ይጠጡታል፣ ሴቶቹም ሥራ ያቆማሉ፤ ጤፍና ዘይት ገዝተን እናከፋፍል ይላሉ። የዕድራችን ሊቀመንበር ደግሞ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያላከ ገንዘቡ ይቋረጥበት የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ለመሆኑ ገንዘብ በቀጥታ መስጠት የድሃን ቤተሰብ ሕይወት ይለውጣል? ወይስ ዓመቱ ሲያልቅ ወደነበሩበት ይመለሳሉ?»

ክርክራችሁ ገንዘብ ወይስ ጤፍ በሚል ተጀምሯል። ቀድሞ መነሣት የነበረበት ግን የገንዘቡ መጠን፣ የሚደርስበት ጊዜ፣ ቤተሰቡም ስለሚመጣው ነገር ያለው እርግጠኝነት ነው። በየወሩ በታወቀ ቀን የሚገባ 2,000 ብር ባለሱቁ ዱቤ እንዳይከለክል፣ አከራይዋ እንዲታገሡ፣ እናትም ለሚቀጥለው ወር እንድታቅድ ያደርጋል። ያው ገንዘብ አንድ ወር ተዘልሎ በሌላው ወር ተደርቦ ሲመጣ ግን በመካከሉ የተገባው ዕዳ ይውጠዋል። ስለዚህ መልሴ «ገንዘብ ስጡ» የሚል ነው፤ ባሰባችሁት አከፋፈል ግን አይደለም።

መጀመሪያ የመጠጡን ነገር እናንሣ፤ በየስብሰባው ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው እርሱ ነውና። የዓለም ባንክ ከላቲን አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን የሚገመግም ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ገንዘብ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለአልኮልና ለትንባሆ የሚያወጡት ወጪ በጥቅሉ ሲታይ አልጨመረም፤ በአንዳንዶቹ ጥናቶች እንዲያውም ቀንሷል። ይህ ማለት የሚጠጣ አባወራ የለም ማለት አይደለም። ከምትመርጧቸው መካከል አንድ ሁለት አይጠፉም፤ እነርሱ ግን ከእናንተ ገንዘብ በፊትም ይጠጡ ነበር። ጤፍ ብትሰጧቸውም መፍትሔ አይሆንም። ሊጠጣ የቆረጠ ሰው ጤፉን ከገበያ ዋጋ በታች ሸጦ አረቄ ቤት ይገባል፤ ቤተሰቡም በዋጋው ልዩነት ይከስራል። (እኛ ደመወዝተኞች በደመወዝ ሰሞን የባሕር ዳርን ግሮሰሪዎች ስንሞላ «ለእነዚህስ በስንዴ ይከፈላቸው» ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።)

«ሥራ ያቆማሉ» የሚለውም ተፈትሿል። በስድስት ታዳጊ አገሮች የተካሄዱ ሰባት የመስክ ሙከራዎችን መረጃ እንደገና የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ድጋፉ ሰዎችን ከሥራ ያስወጣል የሚያሰኝ ወጥ ምልክት አላገኙም። ምክንያቱን ለማየት ቅዳሜ ገበያ ሩቅ አይደለም። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ሥራዋ የሚቆመው ገንዘብ ስታገኝ ሳይሆን የጤፍና የማገዶ መግዣ ስታጣ ነው። ልጇ ታምሞ የጤፉን ገንዘብ ለመድኃኒት ያዋለች ዕለት በማግሥቱ የምትጋግረው የላትም፤ ደንበኞቿም ከሌላ መግዛት ይለምዳሉ። ገንዘብ ሲገባ የሚቀንስ ሥራ ካለ እጅግ የከፋው ነው። አራስ ሆና አሸዋ ትሸከም የነበረች እናት ትተወዋለች፤ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የሚገባው ልጅም የሊስትሮ ሣጥኑን ያስቀምጣል። ይህ ከድጋፉ ዓላማዎች አንዱ ነው እንጂ ጉዳቱ አይደለም።

ገንዘብ በድሃ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ብዙ ሰው «ምግብ ይገዛበታል» በሚል ብቻ ይረዳዋል። ይገዛበታል። ከዚያ የሚቀድም ሥራ ግን አለው፤ ቤተሰቡን በውድ ከመኖር ያወጣዋል። ገቢያችን ደህና የሆነው ሰዎች ዘይት በአምስት ሊትር ጀሪካን እንገዛለን፤ የቀን ሠራተኛው ሚስት በሲኒ ትገዛለች። ጤፉን እኛ በኩንታል፣ እርሷ በኪሎ። ከሰሉን እኛ በጆንያ፣ እርሷ ከጉልት በመደብ። ሲደማመር ለእያንዳንዱ ሊትርና ለእያንዳንዱ ኪሎ የበለጠ የምትከፍለው እርሷ ሆና ትገኛለች። በዱቤ ስትወስድ ደግሞ ባለሱቁ ያለውን ዋጋ ትቀበላለች እንጂ ሌላ ቦታ ሄዳ አትጠይቅም፤ ዱቤ ሳትከፍል ሌላ ሱቅ ስትገባ ከታየች ያው ዱቤም ሊዘጋባት ይችላል። ሐይቁ ዳርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መረቡን በብድር የያዘ ዓሣ አስጋሪ በዐቢይ ጾም የቆሮሶ ዋጋ ሲወጣ ደስታው የእርሱ አይሆንም፤ ከአበዳሪው ጋር ስለ ዋጋ ለመከራከር አቅም የለውምና።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ገንዘብ በትሪ ላይ ካልታየ አትደንግጡ። የሚሄደው ለባለሱቁ፣ ለአከራይ፣ ለአራጣ አበዳሪ ነው። ከማኅበራችሁ አንዱ ሄዶ «ምን ገዛችሁበት?» ቢል የሚያሳዩት ነገር አይኖራቸውም፤ እርሱም ከፍቶት ይመለሳል። ይሁን እንጂ በወር 10 በመቶ የሚወልድ አራጣ ያለበት ሰው ያንን ዕዳ ሲዘጋ የሚያገኘውን ትርፍ የትኛውም ባንክ አይከፍለውም። ጤፍና ዘይት የማይሠሩት ሥራም ይህ ነው። ኩንታል ጤፍ ይዞ ወደ አከራይ የሚሄድ የለም።

ዕዳው ቀለል ሲል ለውጡ ወደ ማእዱ ይመጣል፤ መጀመሪያ በብዛት፣ ከዚያ በዓይነት። በቀን ሁለቴ ይበላ የነበረው ሦስት ጊዜ ይበላል፤ በሽሮ ብቻ የነበረው ቤት ጎመን፣ እንቁላል፣ አልፎ አልፎም ዓሣ ይገባዋል። በመስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ ሳይሟላ ምዝገባ የሚያመልጠው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ይጀምራል። ሕመም ሳይጠና ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። እዚህ ላይ ከድጋፋችሁ ጎን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፤ ቤተሰቦቹ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆናቸውን ጠይቁ። ዓመታዊ መዋጮው ከአንድ የሆስፒታል ቆይታ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ እጅግ ድሃ ለሆኑትም መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ። የምዝገባው ወቅት በዓመት ውስጥ የተወሰነ ስለሆነ ግን ካለፈ በኋላ መጠየቅ አይጠቅምም።

ከዚያ ደግሞ አንዳንዶቻችሁ ፊት የምታጨማድዱበት ወጪ ይመጣል። የዕድር መዋጮ ይከፈላል፤ ለፋሲካ ዶሮ ይገዛል፤ ዕቁብ ይገባል። ለፋሲካ ዶሮ መግዛት ብክነት ነው የሚል ረጂ የሚረዳውን ሰው ጠንቅቆ አላወቀውም። በበዓል ቀን በሩን ዘግቶ የሚውል ቤተሰብ በማግሥቱ ከጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ ያፍራል፤ ከዕድር የወጣ ሰውም ሐዘን ሲደርስበት ለቀብር ይበደራል። እነዚህ የድሃው መድን ናቸው። መንግሥት በከተሞች በሚያካሂደው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ከክፍያቸው 20 በመቶ እንዲቆጥቡ ይደረጋል፤ በእናንተ መጠን ላለ ድጋፍ ግን የግዴታ ቁጠባ አልመክርም። መቆጠብ የምትችል እናት ዕቁቧን ራሷ ታውቃለች።

ይህ ሁሉ በቁጥር ምን ይመስላል? በሰፊው ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በኬንያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በራሪዬዳ ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ድሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ተሰጣቸው። ክፍያው ከተጀመረ ከ9 ወር በኋላ፣ ያልተሰጣቸው ቤተሰቦች በወር 158 ዶላር ሲጠቀሙ የተሰጣቸው 193 ዶላር ይጠቀሙ ነበር፤ ሁለቱም በመግዛት አቅም፣ ማለትም የአገሮች የዋጋ ልዩነት ታስቦበት የተሰሉ ናቸው። ለእናንተ ከዚህ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ሌላ ግኝት አለ። በየወሩ የተከፈላቸው ሰዎች የተሻለ ምግብ በሉ፤ በአንድ ጊዜ ጠቅለል ያለ ገንዘብ ያገኙት ደግሞ የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ እንደመቀየር ባሉ ዘላቂ ነገሮች ላይ አዋሉት። ስለዚህ «በየወሩ ወይስ በአንድ ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ ከሁለቱ አንዱን ይጥላል። የእናንተ የመጀመሪያ ዕቅድ ሁሉንም በየወሩ ስለሚበትን፣ ዓመቱን ሙሉ ሆድ ይሸፍንና በመጨረሻ ላይ እጅ ውስጥ የሚቀር ነገር አይተውም።

«ዓመቱ ሲያልቅ ወደነበሩበት ይመለሳሉ?» ላላችሁት፣ በከፊል አዎን። ጥሩ ዜና ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት። በአገራችን በአምስት ፋብሪካዎች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በዕጣ ተከፋፍለው ነበር። ከፊሎቹ ፋብሪካው ውስጥ ተቀጠሩ፤ ከፊሎቹ አጭር የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድ ዓመት በኋላ ገንዘብ የተሰጣቸው ገቢያቸው በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። በዩጋንዳም ለወጣቶች የሙያ መነሻ የተሰጠ ገንዘብ ለጥቂት ዓመታት ገቢን ከፍ አድርጎ፣ ከ9 ዓመት በኋላ ገንዘቡን ያላገኙት በገቢ ደርሰውባቸዋል። እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላነበውም፤ ብዙ ዓመት ቀድሞ ከችግር መውጣት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን 40,000 ብር ሰጥቶ ነጋዴ ፈጠርሁ ብሎ ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

የበለጠ የቆየ ውጤት የታየው ገንዘብ ከሌላ ነገር ጋር ሲያያዝ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተሞከረና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ፕሮግራም፣ እጅግ ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች የሚያረቡት እንስሳ ወይም ሌላ የገቢ ንብረት፣ ያንን ሸጠው እንዳይበሉት ለጥቂት ጊዜ የቀለብ ድጋፍ፣ ሥልጠና፣ የቁጠባ መንገድና ተከታታይ የቤት ለቤት ጉብኝት ሰጠ። ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ተጠቃሚዎቹ የተሻለ ይበሉ፣ የተሻለ ንብረትም ነበራቸው። ይህ በየጊዜው እየዞረ የሚጎበኝ የሠለጠነ ሠራተኛ የሚፈልግ ውድ ሥራ ነው፤ እናንተ እንድትቀዱት አልመክርም። ከውስጡ አንድ ሐሳብ ብቻ ውሰዱ፦ መነሻ የሚሆን ጠቅለል ያለ ነገር መጀመሪያ፣ እርሱን የሚጠብቅ ወርሃዊ ቀለብ ከኋላው።

ሊቀመንበሩ ያቀረቡት የትምህርት ቤት ቅድመ ሁኔታ በመጥፎ ልብ የመጣ አይደለም። ሜክሲኮ ከ1997፣ ብራዚልም ከ2003 ጀምሮ እ.ኤ.አ. ይህን በአገር ደረጃ አድርገውታል። ለዚያ ግን መዝጋቢ፣ ተቆጣጣሪና ቅሬታ ሰሚ ያስፈልጋል። እናንተ ጋ ቁጥጥሩ በማን ይሠራል? ልጁ የቀረውስ ታምሞ ይሁን ታናሹን ሲጠብቅ ማን ያጣራል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅጣቱ የሚያርፈው ከሁሉ የባሰ ችግር ባለበት ቤት ላይ ነው። በማላዊ በሴት ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ሁለቱንም ጎን በግልጽ ያሳያል። ቅድመ ሁኔታ የተደረገባቸው ልጃገረዶች ከትምህርት ያቋረጡት ቁጥር በርግጥ ቀንሷል። ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጣቸው ግን፣ በተለይ ትምህርት ካቋረጡት መካከል፣ ያለ ዕድሜያቸው የሚያገቡትና የሚያረግዙት ቀንሰዋል። የልጅነት ጋብቻ ገና ባልጠፋበት በእኛ ክልል ይህን ሁለተኛውን ውጤት ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ሞሮኮ የሞከረችው መካከለኛ መንገድ ለእናንተ ይስማማል፤ ገንዘቡ «ለልጆች ትምህርት ማገዣ» ተብሎ ተሰጠ እንጂ መቅረት አላስቀጣም፣ ልጆቹም በትምህርታቸው ጸኑ። ቅድመ ሁኔታውን መጨመር ከዚያ የተሻለ ውጤት አላመጣም። ሊቀመንበሩ ገንዘቡ ሲጀመር ቤተሰቦቹን ሰብስበው ዓላማውን በአንደበታቸው ይንገሯቸው። የእርሳቸው ቃል ከማናችሁም ውል በላይ ይሰማል።

ዋጋ ይንራል ወይ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችሁ ካለ ጥሩ ጠይቋል። በኬንያ ሲያያ አውራጃ ከ10,500 በላይ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ሲሰጣቸው የአካባቢው ዋጋ የጨመረው በ0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ገንዘቡም በጎረቤቶች እጅ እየዞረ ያልተሰጣቸውንም ጠቀመ። በፊሊፒንስ ራቅ ባሉ መንደሮች ግን አብዛኛው ሰው ድጋፍ ሲያገኝ እንደ እንቁላልና ትኩስ ዓሣ ያሉ ምግቦች ዋጋ ወጥቶ፣ ድጋፉን ያላገኙ ቤተሰቦች ልጆች ዕድገት ተጎድቷል። ልዩነቱ የገበያው ስፋት ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ 20 ቤተሰብ ዋጋ አያንቀሳቅስም። ደቅ ደሴት ላይ ለግማሹ ሕዝብ ልትሰጡ ብትነሡ ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

የእናንተ ሥጋት መሆን ያለበት ከውጭ የሚመጣው የዋጋ ንረት ነው። በገጠር የሚካሄደው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ከእህል ወደ ጥሬ ገንዘብ መሸጋገርን እንደ አንድ ዓላማ ይዞ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ግን ክፍያው ያንኑ ያህል ስላልጨመረ፣ ቀድሞ ገንዘብ ይመርጡ የነበሩ ብዙ ተጠቃሚዎች እህል ይሰጠን ወደ ማለት ተመለሱ። ትክክልም ነበሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያለውን ገበያ የምታውቁት ስለሆነ ብዙ አልልም፤ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቁጥር ላይ አትቁሙ፣ መጠባበቂያ ያዙ። መንገድ ተዘግቶ እህል ገበያ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ፣ በክልላችን እንግዳ ያልሆነ ነገር ነውና፣ ለዚያ ወር ያለ ክርክር ወደ ጤፍ ዙሩ። ባዶ ሱቅ ፊት ገንዘብ የያዘ ሰው ከሌለው ሰው አይሻልም።

አመራረጡ ላይ ልቆይ፤ እንዲህ ያሉ ጥሩ ሥራዎች የሚበላሹት እዚህ ነውና። የዕድሩን መዝገብ ተከትላችሁ ብትመርጡ እጅግ ድሆቹን ትስታላችሁ። መዋጮ መክፈል ያልቻለ፣ በቅርብ ጊዜ ተፈናቅሎ የመጣ፣ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ መዝገቡ ላይ የለም። ሐይቁ ዳር ከደንገል ታንኳ እየሠሩ የሚኖሩ የነገደ ወይጦ ቤተሰቦችም በሰፈር ሽማግሌ ጥቆማ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ስለዚህ ከዕድሩ ጥቆማ ጎን ለጎን የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ፤ የትኛው ቤት ልጅ እንደከሳ የምታውቀው እርሷ ናት። መስፈርቱን በግልጽ ተናገሩ፤ ለምሳሌ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት፣ ቋሚ ደመወዝተኛ የሌለበት፣ የሚያከራየው ቤት የሌለው። «ለምን እርሱ ተመረጠ?» ሲባል መልስ ከሌላችሁ የጎረቤት ቅያሜ የሚቆየው በተቀባዩ ላይ ነው። ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ሰልፍ አታስይዙ፤ ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚሆን የርክክብ ሥነ ሥርዓት አታዘጋጁ። በከተማ ሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ ካለም የእናንተ ድጋፍ ከዚያ እንዳያሰርዘው አስቀድማችሁ አጣሩ።

ክፍያውን በሴቲቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም በቴሌብር አድርጉት፤ ባልየውም በዚያው ዕለት አብሮ ይስማ። ከራሪዬዳው ጥናት እንደታየው ገንዘቡን ባል ተቀበለው ሚስት የቤቱ ወጪ ያን ያህል አይለያይም፤ እኔ ሴቲቱን የምመርጠው ትዳሩ ቢናወጥ ልጆቹ የሚቀሩት ከእርሷ ጋር ስለሚሆን ነው። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ በክልሉ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረው ያለ ጊዜ ቢመለስም ክፍያው አይቆምም። የምስጢር ቁጥሯን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ንገሯት፤ «ላውጣልሽ» የሚል ደግ ጎረቤት አይጠፋም።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ይሁን። 20ውን ቤተሰብ ወደ 14 አውርዱ። መራራ ነው፤ ስድስቱን ማስቀረት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በ20 ቤተሰብ ስትከፋፍሉት ለእያንዳንዱ 30,000 ብር ይደርሰዋል። ከዚያ ላይ ለ12 ወር 2,000 ብር ስታወጡ ለመነሻ የሚተርፈው 6,000 ብር ነው፤ ያ ደግሞ የኪራይ ውዝፍ ዘግቶ ምንም አይተርፈውም። በ14 ቤተሰብ ግን ለእያንዳንዱ 40,000 ብር ይሆናል። ከዚህ 16,000ውን በነሐሴ አጋማሽ በአንድ ጊዜ ስጡ፤ የትምህርት ወጪ ሳይመጣ፣ የክረምቱ የግንባታ ሥራ መቀዛቀዝ የቀን ሠራተኛውን ባራቆተበት ሰሞን። ቀሪውን 24,000 ከመስከረም ጀምሮ በወር 2,000፣ በየወሩ በአንድ በተወሰነ ቀን። በእጃችሁ 40,000 ብር ይቀራል። ገበያው ከናረ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 400 ብር ብትጨምሩ 33,600 ብር ይወስዳል፤ የተረፈው 6,400 ለድንገተኛ ሕመም ይሁን። በመጀመሪያው ስብሰባ የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ተናገሩ። ያልተነገረው ሰው ይቀጥላል ብሎ ቤት ይከራያል፣ ልጁን ወደሚከፈልበት ትምህርት ቤት ያዛውራል።

ምን እንደሚሠሩበት አትዘዙ። 14ቱም እንጀራ ጋጋሪ እንዲሆኑ ብትመክሩ እርስ በርሳቸው ገበያ ይሻማሉ። በስድስተኛው ወር አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ዕዳ ስንት እንደቀረ፣ ልጆቹ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበሉ፣ ክፍያው በቀኑ መድረሱን ጠይቁ፤ ከዚያ በላይ መመላለስ ለእነርሱ ሸክም ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ዕቅድ ይለያል። ከተመረጡት ውስጥ መሥራት የማይችሉ አረጋውያን ወይም የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ብቻ ያለበት ቤት ካለ፣ መነሻ ገንዘብ አይጠቅመውም፤ የሚነሣበት ጉልበት የለውምና። ለእንዲህ ያለው ቤት 16,000ውን በአንድ ጊዜ አትስጡ። ሙሉውን 40,000 በወር 2,000 እያደረጋችሁ ወደ 20 ወር ዘርጉለት፤ በእነዚያ ወራትም በከተማው ሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ መዝገብ ላይ እንዲገባ ከማኅበራችሁ አንድ ሰው ቀበሌው ድረስ እየተመላለሰ ያስፈጽምለት።